የአገልግሎት አቅራቢን ቪፒኤን ለመንገድ ስሌት መወከል

የኔትወርክ አስተዳደር ሶፍትዌር ራውተሮችን እየጠየቀ ካርታ ይሥላል፤ የፓኬትንም መንገድ በዚያ ላይ ያሰላል። ድርጅቱ ቅርንጫፎቹን በኤምፒኤልኤስ ቪፒኤን ካገናኘ ግን የአቅራቢው ራውተሮች ለጥያቄው መልስ አይሰጡም፤ ካርታው መሃሉ ላይ ይበጠሳል።

ቅርንጫፎቹን ሁሉ እርስ በርስ በመስመር ብናያይዝ 200 ቅርንጫፍ 19,900 መስመር ይወልዳል። አቅራቢውን በአንድ ኖድ ብንወክል 200 ይበቃል። እኔም ይህን መርጬ ነበር። ሶፍትዌሩ ሁለት ቅርንጫፎች በቀጥታ ሲገናኙ ያሳያል፤ ፓኬቶቹ ግን በዋናው መሥሪያ ቤት ፋየርዎል በኩል ይዞራሉ። ብልሽቱ እዚያው ፋየርዎል ላይ ሳለ ግማሽ ቀን ሌላ ስፍራ ስንፈልግ አጠፋን።

በአርኤፍሲ 4364 ቪፒኤን ማን የማንን መንገድ እንደሚማር የሚወስነው ከደንበኛው የተሰወረው ሩት ታርጌት የተባለ ምልክት እንጂ የመስመሩ አዘረጋግ አይደለም። ስለዚህ ኖዱ ለየመግቢያው የተለየ ሠንጠረዥ ሊኖረው ይገባል፤ ሠንጠረዡንም የቅርንጫፉ ራውተር በቢጂፒ ከተማረው እንሞላዋለን። ከዚያ ለመድረሻው ከሁሉ ይበልጥ የሚገጥመውን የአድራሻ ክልል እንመርጣለን፤ መውጫው ያንኑ ክልል ያስታወቀው ቅርንጫፍ ነው። ዲፎልት ሩት ብቻ ለተማረ ቅርንጫፍ፣ መውጫው ዲፎልቱን ያስታወቀው ዋና መሥሪያ ቤት ይሆናል። (ደንበኛው ብዙ ከሆነ ለየቪፒኤኑ የራሱ ኖድ ይሰጥ፤ 10.0.0.0/8ን የማይጠቀም ማን አለ?) አንዱን ክልል ሁለት ቅርንጫፎች ካስታወቁ፣ እኔ ሁለቱንም መንገድ አሳያለሁ።