ዕድሜ የጠገበ ሞት፣ ያልተጽናና የልጅ ልጅ

የጌታችን የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚታየው ዝግጅት ደስታን ብቻ ሳይሆን ትዝታንም ይቀሰቅሳል። በዚህ ዓመት አያት የተለዩበት ቤት ደግሞ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባኑን የሚያዘጋጁት፣ በቀዳም ሥዑር ከካህናት የተቀበሉትን ቀጤማ በልጅ ልጃቸው ራስ ላይ የሚያስሩት፣ አክፍለው ለሌሊቱ ቅዳሴ የሚገሠግሡት እናት በቦታቸው የሉም። ጉድለቱን አብዝቶ የሚያየው፣ ማጽናኛን ግን ከሁሉ አሳንሶ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ ነው።

በለቅሶ ቤት ልማዳችን ዋነኞቹ ሐዘንተኞች የሟች ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው፤ ለቅሶ ደራሹም እነርሱን ከብቦ ይቀመጣል። ወጣቱ የልጅ ልጅ ግን ወንበር ይደረድራል፣ ውኃ ያቀርባል፣ ንፍሮ ያድላል። ዕንባው ቢመጣ «ዕድሜ ጠግበው ነው ያረፉት፤ ምን ያስለቅሳል?» ይባላል። አባባሉ ለማጽናናት የታሰበ ቢሆንም ሐዘን የሚለካው በሟች ዕድሜ ሳይሆን በፍቅር መሆኑን ይዘነጋል። ሰው «ያያት ልጅ» እያለ የሚቀልድበት ወጣት ያጣው አማትቦ መጸለይን ያስተማሩትን ሁለተኛ እናቱን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያወሳ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ያዕቆብ ኤፍሬምንና ምናሴን አቅፎ ሳማቸው፣ ባረካቸውም። በ147 ዓመቱ ባረፈ ጊዜ ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት፤ ዮሴፍም 7 ቀን የለቅሶ ሥርዓት አደረገለት (ዘፍ. 48 እና 50)። የዕድሜው ርዝመት ዕንባን አልከለከለም። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አቅራቢያ አልቅሷል። እንግዲህ ክርስቲያን ተስፋ እንደሌለው ሰው አያዝንም እንጂ ፈጽሞ አያዝንም አልተባለም።

ታዲያ ለወጣቱ ምን እናድርግለት? ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት ሟችን የሚጠሩት በክርስትና ስም ነው። አያታቸውን «እማማ» ወይም «አባባ» ብቻ እያሉ ያደጉ ብዙ ልጆች ይህን ስም የሚሰሙት በቀብር ዕለት ነው። እንግዲያው ስሙን እናሳውቃቸው፤ ጽፈውም ለካህኑ ያድርሱት። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት በሚደረገው መታሰቢያ ከማስተናገድ ባሻገር በጸሎቱ ይቁሙ፤ ለነዳያንም በእጃቸው ይስጡ። ሐዘን ሥራ ሲያገኝ ወደ ጸሎት ይለወጣልና።

በሰሙነ ሕማማት አያቱን የሚቀብር ወጣትም «ያለ ፍትሐት ተቀበሩ» ብሎ እንዳይጨነቅ ሥርዓቱን እናስረዳው። በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረስ፣ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አስቀድማ ለሁሉ ታደርሳለች። አያቱ አልተዘነጉም።

በበዓሉ ማዕድ ዙሪያም የአያትን ስም ከመጥራት አንሽሽ። ልጆቹ የሚያስታውሱትን ይናገሩ፤ የሚያለቅስ ቢኖር ያልቅስ። ክርስቶስ ተነሥቷልና፣ የምናነሣው ስም የጠፋ ሰው ስም ሳይሆን ትንሣኤን የሚጠባበቅ ሰው ስም ነው።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።