ሃይብሪድ አውቶሞቢል ለመግዛት ለሚያስብ ነጋዴ

ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራው ሃይብሪድ አውቶሞቢል፥ ቶዮታ ፕሪየስ በ1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በብዙ አገር ታውቋል። ቁጠባው የሚገኘው፥ ፍሬን ሲያዝ ይባክን የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው በመመለስ ነው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ ዕቃ ለሚያደርስ ባለሱቅ ጥቅሙ ይጎላል፤ ሳይቆም ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ግን ያንሳል። ገዥው የዋጋውን ብልጫ በየወሩ ከሚተርፈው የቤንዚን ሒሳብ ጋራ ያመዛዝን። ያገለገለውን የሚገዛም ባትሪውን አስቀድሞ በባለሙያ ያስመርምር፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ የብዙ ጊዜ ቁጠባ ሊውጥ ይችላልና። ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚሻ ደግሞ፥ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ያስታወቀ ስለሆነ፥ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ።