አዲስ ተቀጣሪ ሠራተኞች ለማለዳ ስብሰባ የሚያደርጉት የሥራ ጉዞ፦ ዝግጅቱ፣ መብቱና ግዴታው

አዲስ ሥራ የጀመረ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመደበኛ የሥራ ቦታው ውጭ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ ከተማ፣ በማለዳ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ እንዲገኝ ሊታዘዝ ይችላል። ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ገና ስላልለመደ የጉዞ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከማን ፈቃድ እንደሚጠየቅና መንገድ ላይ እክል ቢያጋጥም ለማን እንደሚነገር ላያውቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሠራተኛው በሰዓቱ ለመድረስ ሊያደርግ የሚገባውን ዝግጅትና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተረጋገጡለትን መብቶች ያብራራል።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻው ለምንድን ነው?

በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት አሠሪና ሠራተኛ በጽሑፍ ከተስማሙ የሙከራ ጊዜ ሊኖር ይችላል። ይህም ጊዜ ሥራው ከተጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ አለመሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ ሳይከፍል ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ የሚደረግ ጉዞ የሠራተኛው ሰዓት አክባሪነትና ኃላፊነት ከሚመዘንባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይሆናል።

በሌላ በኩል በሙከራ ላይ መሆን መብትን አያሳጣም። ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በተለየ ሁኔታ ካልወሰነ በስተቀር፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። ለነባር ሠራተኞች የውሎ አበልና የመጓጓዣ ወጪ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት፣ አዲሱ ሠራተኛ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ወይም «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ተብሎ ወጪውን ከኪሱ እንዲሸፍን ቢጠየቅ፣ ይህን የሚፈቅድ ደንብ መኖሩን የመጠየቅ መብት አለው።

ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ

በአገራችን የሥራ ጉዞ ከሚሰናከልባቸው ምክንያቶች አንዱ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር መደበላለቅ ነው። የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች ልብ ይበሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚላክ የስብሰባ ጥሪ በአብዛኛው በውጭው አቆጣጠር ይጻፋል። 08:30 ማለት ጠዋት 2:30 ሰዓት ነው። ይኸው ሰዓት በቃል «ስምንት ሰዓት ተኩል» ተብሎ ከተነገረ ግን አድማጩ ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ሊረዳ ይችላል። በመሆኑም ጥሪውን ለላከው ሰው መልስ ሲሰጡ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 2:30 ሰዓት» ብለው ሙሉውን ይጻፉ።

ሁለተኛው ቀን ነው። «5/6» ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ሲሆን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 5፣ ማለትም ግንቦት 28 ነው። ወሩን አስቀድመው የሚጽፉ ድርጅቶች ደግሞ ሜይ 6 ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍና የሳምንቱን ቀን አብሮ መግለጽ ስሕተቱን ያስቀራል።

ሦስተኛው የሌሊት ጉዞ ነው። በእኛ ልማድ ዕለቱ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በጉዞ ትኬት ላይ ግን ከሌሊቱ 6:00 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ረቡዕ 00:40 የሚል የአውሮፕላን ትኬት የሚያመለክተው ማክሰኞ ሲመሽ የሚደረገውን ጉዞ፣ ማለትም ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:40 ሰዓትን ነው። ረቡዕ ማታ አውሮፕላን ጣቢያ የሚደርስ ተጓዥ በረራው አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ያመለጠው ይሆናል። ጉዳዩን ለሾፌርም ሆነ ለቤተሰብ ሲያስረዱ «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚለውን አነጋገር መጠቀም ግልጽነት ይሰጣል።

ከስብሰባው ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ጉዞን ከሚነሱበት ሰዓት ጀምሮ ከማቀድ ይልቅ መድረስ ካለብዎት ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር የተሻለ ነው። ለአብነት ያህል አዲስ አበባ አያት አካባቢ የሚኖር ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት 2:30 ሰዓት አዳማ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ መገኘት ይኖርበታል እንበል። በሕዝብ ትራንስፖርት ለመሄድ የሚከተለውን ስሌት ሊሠራ ይችላል።

• በስብሰባው ቦታ ለመድረስ የሚያስበው፦ ጠዋት 2:15 ሰዓት
• ከአዳማ መናኸሪያ እስከ ስብሰባው ቦታ፦ 20 ደቂቃ
• ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አዳማ፣ የመንገድ መጨናነቅን ጨምሮ፦ 2 ሰዓት
• ተሽከርካሪው ሞልቶ እስኪነሳ የሚጠበቅበት ጊዜ፦ 45 ደቂቃ
• ከቤት እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ፦ 50 ደቂቃ

ድምሩ 3 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነው። በመሆኑም ሠራተኛው ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10:20 ሰዓት ከቤቱ መውጣት አለበት። በዚያ ሰዓት ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብቻን መንቀሳቀስም ለደኅንነት ያሰጋል። ስሌቱ የሚያሳየው የተሻለው አማራጭ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ እዚያው ማደር መሆኑን ነው። ይህንን ስሌት ጽፎ ለቅርብ ኃላፊ ማቅረብ ሠራተኛው የአዳር ወጪውን ለመጠየቅ ያለውን ምክንያት ግልጽ ያደርገዋል። ኃላፊውም ስብሰባውን አንድ ሰዓት ከማራዘም፣ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ከመመደብና አዳርን ከመፍቀድ መካከል እንዲመርጥ ያስችለዋል።

ስሌቱን ሲሠሩ ቀጥሎ የተመለከቱትን ሁኔታዎች ይጨምሩ።

• የመነሻ መናኸሪያው እንደ መድረሻው ከተማ ይለያያል። ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤና በከተማዋ የተለያዩ አቅጣጫዎች የሚገኙ በመሆናቸው፣ የሚሄዱበት መስመር ከየትኛው እንደሚነሳ አንድ ቀን አስቀድመው ይጠይቁ።
• የረጅም መንገድ አውቶቡሶች በአብዛኛው ንጋት ላይ ይነሳሉ። ስለዚህ እንደ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ላለ ከተማ በአውቶቡስ ሄዶ በዚያው ዕለት ጠዋት ስብሰባ መገኘት አይቻልም፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መነሳት ያስፈልጋል።
• በክረምት ወራት ዝናብ፣ ጎርፍና በደጋማ አካባቢዎች የሚወርድ ጉም ጉዞን ያዘገያል።
• እንደ መስቀልና ጥምቀት ባሉ በዓላት እንዲሁም የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድባቸው ቀናት በአዲስ አበባ የሚዘጉ መንገዶች ይኖራሉ።

በአውሮፕላን ሲጓዙ

ለአገር ውስጥ በረራ ከመነሻው ሰዓት 2 ሰዓት ቀድሞ አውሮፕላን ጣቢያ መድረስ ይመከራል። ትኬቱ 07:00 የሚል ከሆነ በረራው ጠዋት 1:00 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ከንጋቱ 11:00 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት ይኖርበታል። በትኬቱ ላይ የተጻፈው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ትኬቱን የሚገዛው መሥሪያ ቤቱ ከሆነ፣ ስምዎ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ከመታወቂያው ገልብጠው በጽሑፍ ይስጡ። አዲሱን ሠራተኛ ገና የማያውቅ የግዥ ባለሙያ ስሙን በግምት ሊጽፍ ይችላል።

የጉዞ ትእዛዝና ወጪ

አዋጁ የውሎ አበል መጠን አልወሰነም። መጠኑና የአከፋፈሉ ሁኔታ የሚገኘው በሥራ ውሉ፣ በኅብረት ስምምነቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ደንብ ነው። በአንቀጽ 53 እንደተመለከተው የውሎ አበልና የመጓጓዣ አበል የደመወዝ አካል ተደርገው አይቆጠሩም። ስለዚህ «ደመወዝህ ውስጥ ታስቧል» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ይኸው በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈበትን ቦታ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነም፣ ውሉ በተደረገ በ15 ቀናት ውስጥ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘና የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ በአንቀጽ 7 ተጥሎበታል።

ከመነሳትዎ በፊት የጉዞ ትእዛዝ ደብዳቤ ይጠይቁ። በደብዳቤው ላይ የተጓዡ ስም፣ የጉዞው ዓላማ፣ የመነሻና የመመለሻ ቀን፣ መድረሻው፣ የመጓጓዣው ዓይነትና ወጪውን የሚሸፍነው አካል ሊገለጹ ይገባል። ደብዳቤ የማይጽፍ ድርጅት ከሆነ፣ በኢሜይል ወይም በስልክ የጽሑፍ መልእክት የተሰጠ ትእዛዝም ቢሆን ተጠብቆ ሊቀመጥ ይገባል። ቅድሚያ ክፍያ ካስፈለገም ከጉዞው ቀናት በፊት ይጠየቃል፤ የመጀመሪያውን ደመወዙን ገና ያልተቀበለ ሠራተኛ ይህን ቢጠይቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የትኬትና የአልጋ ደረሰኞችን ሰብስቦ መያዝ ደግሞ የሠራተኛው ኃላፊነት ነው።

በጉዞ ላይ ጉዳት ቢደርስ

የጉዞ ትእዛዙ በጽሑፍ መሆን ያለበት ለሒሳብ ማወራረድ ብቻ አይደለም። በአዋጁ አንቀጽ 97 መሠረት ሠራተኛው ከሥራ ቦታው ወይም ከመደበኛ የሥራ ሰዓቱ ውጭም ቢሆን የአሠሪውን ትእዛዝ በሚፈጽምበት ጊዜ የደረሰበት ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ ሥራ ቦታ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ የሚሸፈነው፣ ሠራተኛው የተጓዘው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት በመደበው ወይም ለዚሁ ዓላማ በተከራየው ተሽከርካሪ እንደሆነ ነው።

የሁለቱ ድንጋጌዎች ልዩነት መታወቅ አለበት። በራሱ ምርጫ በታክሲ ወደ መደበኛ ቢሮው የሚሄድ ሠራተኛ በሁለተኛው ድንጋጌ አይሸፈንም። በአሠሪው ታዝዞ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሠራተኛ ግን በመጀመሪያው ድንጋጌ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህንንም ለማስረዳት ትእዛዝ መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ስሙ በሠራተኞች ዝርዝር ገና በሚገባ ላልታወቀ አዲስ ተቀጣሪ፣ ያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለራሱም ለቤተሰቡም ዋስትና ነው።

መዘግየት ካጋጠመ

ከላይ የተዘረዘረው ዝግጅት ሁሉ ተደርጎም ተሽከርካሪ ሊበላሽ፣ በረራ ሊሰረዝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መዘግየቱ እንደታወቀ፣ የስብሰባው ሰዓት ሳይደርስ፣ ለቅርብ ኃላፊ መደወልና ያሉበትን ቦታ፣ የመዘግየቱን ምክንያትና ይደርሳሉ ተብሎ የሚገመተውን ሰዓት መግለጽ ይገባል። ከጥሪው በኋላ ይኸንኑ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማረጋገጥ ጠቃሚ ነው። በአንቀጽ 27 እንደተደነገገው፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ በማርፈድ ምክንያት የሥራ ውል ያለማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችለው ሠራተኛው በጽሑፍ እየተሰጠው ማስጠንቀቂያ ያለበቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ ለ8 ጊዜ ያህል የሥራ ሰዓት ካላከበረ ነው። በሙከራ ጊዜ ግን ይህ ጥበቃ ጠባብ በመሆኑ ምክንያትን በወቅቱና በማስረጃ ማሳወቅ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ከመነሳትዎ በፊት የሚያረጋግጧቸው ነጥቦች

1. የስብሰባው ቀን፣ ሰዓትና ትክክለኛ ቦታ በጽሑፍ ተረጋግጧል።
2. የጉዞ ትእዛዝ ደብዳቤ ወይም መልእክት በእጅዎ ነው፤ ቅጂውም ለቤተሰብ ወይም ለሚያምኑት ሰው ተሰጥቷል።
3. የአበል፣ የመጓጓዣና የአዳር ወጪ በማን እንደሚሸፈን ታውቋል።
4. መታወቂያ፣ ትኬት፣ ለስብሰባው የሚያስፈልጉ ሰነዶችና ኃይል የተሞላ ስልክ ተዘጋጅተዋል።
5. የቅርብ ኃላፊዎና በመድረሻው ከተማ የሚቀበልዎ ሰው ስልክ በወረቀት ጭምር ተጽፏል።
6. የመጀመሪያው አማራጭ ባይሳካ የሚጠቀሙበት ሌላ መጓጓዣ ታስቧል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት የሚተዳደሩትን ሠራተኞች ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሙከራ ጊዜና የውሎ አበል በሌላ ሕግና መመሪያ ይወሰናል። የመንግሥት ሠራተኞች ዝርዝሩን ከየመሥሪያ ቤታቸው የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ማግኘት ይችላሉ። በጉዞ ወጪ ወይም በጉዞ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ከአሠሪያቸው ጋር ያልተግባቡ ሌሎች ሠራተኞች የሥራ ውላቸውን፣ የጉዞ ትእዛዙንና ደረሰኞቻቸውን ይዘው በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በመቅረብ ምክርና ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።