ከልደታ እስከ ሰነቴ፦ ከፍታ የፈጠራቸው እንስሳት

ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስም በየቀኑ ይጠራል፤ ስለ እንስሳው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተጠኑ 15 አንበሶች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ወንዶቹ ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል፤ በዘረመልም ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል።

አንበሳ ግን ሌላም አገር አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙትን ለማየት ወደ ደጋው መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው የእኛ ነው። ዙሪያውን ቆላና ስምጥ ሸለቆ ስለከበበው እንደ ደሴት ተነጥሏል፤ በላዩ የቀሩት እንስሳት ብርዱን እየለመዱ ለብቻቸው ተለወጡ። ከተፈጥሮ ድንቆቻችን ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

የባሌው ሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በመንጋ ይኖራል፣ ለየብቻው ያድናል። ከሚያድናቸው አንዱ ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ የወጡ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር የሚሰበስብ፣ ከባሌ ሌላ የትም የሌለ ፍጥረት። ይህ ሥጋ በል ቀበሮ ከረጃጅም ቀይና ቢጫ አበቦች ወለላ እንደሚልስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 አሳወቁ። አፍንጫው በአበባ ዱቄት ተለውሶ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሄድ የንብን ሥራ ሳይሠራ አይቀርም።

በመንዝ ጓሳ ደግሞ ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ብቻውን ከሚያድን ይልቅ በመካከላቸው ሲሆን በጣም እንደሚቀናው ተጠንቷል። ጭላዳ ራሱ በዋነኛነት ሣር በልቶ የሚያድር ብቸኛው የዝንጀሮ ዘር ነው። ይህን ሣር ያተረፈው የመንዝ ሰው ነው፤ ቄሮ በተባለው ጥንታዊ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጋው ነበር።

ሌሎቹም ብዙ ናቸው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ባሌ በ2023 ተከተለው። የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ፣ ቆርኬ በሰንቀሌ ይገኛሉ።

ደጋው ግን እየጠበበ ነው። እርሻው ሽቅብ ይወጣል፤ ያልተከተበ ውሻም ከከብቱ ጋር ተከትሎ ይወጣል። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። በነዚህ ተራሮች ግርጌ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ውሻውን እንዲያስከትብ ንገሩት።