ተንሸራታች ፍሪሲዮን ለመንገድ ሞተር ብስክሌት ዋጋውን ያወጣልን?

ከእስያ ፋብሪካዎች ለአስመጪዎች በሚላኩት የሞተር ብስክሌት መግለጫዎች ላይ «አሲስት ኤንድ ስሊፐር ክለች» የሚል ቃል እየተደጋገመ ይታያል። ቃሉ ቀድሞ ከውድድር ሜዳ ውጭ እምብዛም የማይሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን በ155 ሲሲ ብስክሌት ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ደንበኛው ይህን አንብቦ «ለእኔ ምን ይረባኛል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ባለመደብሩ የሚሰጠው መልስ ሽያጩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም የሚነካ ነው። ጭማሪ ከፍሎ ያዘዘው አስመጪም ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው ሊያውቅ ይገባዋል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ነጂው በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ ማርሹን በችኮላ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ቀንሶ የፍሪሲዮኑን እጀታ በድንገት የለቀቀ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ጎማውን በመንዳት ፈንታ ጎማው ሞተሩን መንዳት ይጀምራል። ሞተሩም ያን ያህል ለመፍጠን እምቢ ስለሚል የኋላውን ጎማ ይዞ ይጎትተዋል። በዚያው ሰዓት የፊት ፍሬን ተይዞ ከሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላልና የኋላው ጎማ መሬቱን ለአመል ያህል ብቻ እየነካ ይቀራል። ስለዚህ ይዘላል፣ ይንሸራተታል፤ መንገዱ እርጥብ ወይም አሸዋ የለበሰ ከሆነም ነጂውን ሊጥል ይችላል።

ተራው ፍሪሲዮን ሸራዎቹንና የብረት ዲስኮቹን በሞላ ኃይል አጣብቆ የሚይዝ ሲሆን፣ ኃይሉ ከሞተሩም መጣ ከጎማው ለእርሱ ልዩነት የለውም። በተንሸራታቹ ውስጥ ግን እምብርቱና ሸራዎቹን የሚጫነው ሳህን በሰያፍ የተቀረጹ ጥርሶች አሏቸው። ጎማው ሞተሩን ከልክ በላይ ሲገፋ ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ፤ ሳህኑን በሞላው ላይ ገፍተው ያላሉታል፤ ሸራዎቹም ጥቂት ይንሸራተታሉ። ፍጥነቱ ሲቀራረብ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። «አሲስት» የተባለው ክፍል ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ጎማውን በሚነዳበት ጊዜ ሳህኑን ስቦ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ለስለስ ያለ ሞላ ለማስገባት ይችላል፤ እጀታውም ለእጅ ይቀላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ቪኤፍ750ኤፍ ላይ ለዚሁ ዓላማ የሚያገለግል በአንድ ወገን የሚይዝ ፍሪሲዮን ነበረ። በ2002 ሞቶ ጂፒ የተባለው የዓለም ውድድር ከባለ ሁለት ምት 500 ሲሲ ወደ ባለ አራት ምት 990 ሲሲ መሸጋገር በጀመረ ጊዜ መሣሪያው የግድ ሆነ፤ ባለ አራት ምቱ ነዳጅ ሲቋረጥበት የመጎተት ጠባዩ ብርቱ ነውና። ከዚያ በኋላ ካዋሳኪ በ2013 ሞዴል ኒንጃ 300 ላይ፣ ያማሃም በ2017 አር15 ላይ አደረጉት።

እንግዲህ ለመንገድ ይጠቅማልን? መልሱ በሞተሩ ዓይነት ይወሰናል። በአንድ ወይም በሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮች ለተሠራ ኃይለኛ ሞተር በእርግጥ ይጠቅማል፤ በዝናብ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከመውደቅ ቢያድን ዋጋውን መልሷል። በመካከለኞቹ ዘንድ ግን ገዢው በየዕለቱ የሚያገኘው ጥቅም ከመንሸራተቱ ይልቅ የእጀታው መቅለል ነው። ሆንዳ በ2019 የ500 ሲሲ ብስክሌቶቹን ሲያድስ የእጀታው ክብደት በ45 በመቶ መቀነሱን አስታውቆ ነበር፤ በከተማ ትርምስ ውስጥ እጀታውን ሲጨብጥና ሲለቅ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃ ወይም ሰው ለሚያመላልሰው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ላለው የሥራ ብስክሌት ግን ጭማሪ የሚከፈልበት ምክንያት አይታይም። የዚህ ሞተር ጉተታ አነስተኛ ነው፤ እጀታውም ቀድሞውኑ ቀላል ነው።

አንድ የተሳሳተ ሐሳብም በገበያው ላይ ይሰማል፤ ተንሸራታቹ ሞተሩ በቁልቁለት የሚሰጠውን የመያዝ ኃይል ያጠፋል የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው። መሣሪያው የሚያላላው በድንገት የሚመጣውን ከፍተኛውን ጉተታ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ነጂ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘለት መውረድ ይችላል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ኤቢኤስ ያለው ፍሬን ይቀድማል። የአውሮፓ ኅብረትና ሕንድ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑት አዳዲስ ብስክሌቶች ኤቢኤስን በሕግ ያስገደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ኤቢኤስ የሚያላቅቀው በፍሬን የተያዘውን ጎማ እንጂ በሞተሩ የተያዘውን አይደለም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ ይተካል ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ይሆናል።

ተራ ፍሪሲዮን ያለውን ትልቅ ብስክሌት ገዝቶ ተንሸራታቹን ለብቻው ከውጭ ማስመጣት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ለተራ ነጂ ይህ የሚመከር አይደለም፤ ማርሽ ሲቀንስ ነዳጅ ጥቂት ሰጥቶ እጀታውን ቀስ ብሎ መልቀቅ አብዛኛውን ሥራ ይሠራለታል፤ ወጪም የለበትም።

ባለመለዋወጫው ሊጠነቀቅ የሚገባው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እምብርቱና ተጫኙ ሳህን የሚሠሩት እርስ በርስ ተገጣጥመው ስለሆነ ትእዛዙ በሞዴሉና በዓመቱ መለዋወጫ ቁጥር መሆን አለበት፤ ከተራው ፍሪሲዮን የተወሰደ ሞላም አይገባበትም። ሁለተኛው ዘይት ነው። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ በሆነበት ብስክሌት ላይ ለመኪና የተዘጋጀ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ቢጨመር ሸራው መያዝ ባለበት ሰዓት ይንሸራተታል። ገዢውም ጥፋቱን በመሣሪያው ያሳብባል፤ ብስክሌቱንም ወደ መደብሩ ይመልሳል። ለእነዚህ ብስክሌቶች የሚሸጠው ዘይት በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበት ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው ግን ፍሪሲዮናቸው በዘይት ለማይነከር ስኩተሮች የተመደበ ስለሆነ በአንድ መደርደሪያ ላይ ባይቀላቀሉ ይሻላል።