ታወር ከመትከል ኩባንያ መግዛት፦ ቮዳፎን ዓለምን እንዴት አዳረሰ?

ስልካችሁ የሚያወራው በአየር ላይ ነው። ታዲያ አየሩ ለሁሉም ነፃ ይመስላችኋል? አይደለም! አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች እኩል ሲጮኹ መደማመጥ እንደማይቻል ሁሉ፣ ሁለት ኔትወርኮችም አንድ ቦታ ላይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢሠሩ ይረባበሻሉ። ስለዚህ መንግሥታት ፍሪኩዌንሲውን ከፋፍለው ለጥቂት ኩባንያዎች ብቻ ፈቃድ ይሰጣሉ።

እሺ፣ ዘግይቶ የመጣ ኩባንያስ ምን ያድርግ? ፈቃድ ያለውን ይገዛላ! የእንግሊዙ ቮዳፎን ያደረገው ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 2000 የጀርመኑን ማነስማን ጠቀለለ። ማነስማን በ1890 ሲመሠረት የብረት ቱቦ አምራች ነበር፤ ቮዳፎን የፈለገው ግን ቱቦውን ሳይሆን የሞባይል ኔትወርኩን ነው። በአንድ ውል ፍሪኩዌንሲውን፣ ታወሩን፣ መሐንዲሶቹንና ሚሊዮኖች ደንበኞችን አገኘ። በ2007 ደግሞ ህንድ ውስጥ የሃቺሰን ኤሳርን አብላጫ ድርሻ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛ።

መግዛት ፈጣን ነው፤ ርካሽ ግን አይደለም። በ2006 ቮዳፎን ከገዛቸው ንብረቶች የመዝገብ ዋጋ ላይ ከ20 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ቀነሰ፤ አብዛኛው የጀርመኑ ነበር። በቀላሉ ሲነገር፣ «አስወድጄ ገዝቻለሁ» እንደማለት ነው።

የሚሸጥ ኩባንያ ከሌለስ? ኢትዮጵያን እዩ። በ2021 ቮዳፎንም ያለበት፣ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አዲስ ፈቃድ ወሰደ። ደንበኛ መሰብሰቡን ግን ከዜሮ መጀመር ነበረበት።

እንግዲህ የሞባይል ኩባንያ ተሸጠ ሲባል ስትሰሙ፣ ከታወሩና ከቢሮው ይልቅ መጀመሪያ ስለማይታየው ንብረት ጠይቁ፦ ስንት ፍሪኩዌንሲ አለው?