ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ኢንተረፕቱን ጠይቁት

ኮምፒውተር ሃንግ ባደረገ ቁጥር ከየጥገና ቤቱ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ተደርጎም ካልተሻለው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ይባላል። ስለ ኢንተረፕት የሚያነሳ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ ካለው ሁሉ እንደ ኢንተረፕት የምወደው ነገር የለኝም።

ኢንተረፕት ጥሪ ነው። ኔትወርክ ካርዱ መረጃ ሲደርሰው፣ ዲስኩም የታዘዘውን ሲጨርስ፣ ፕሮሰሰሩን ይጠሩታል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ባለበት ትቶ የዚያን ዕቃ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ያስነሳል፤ ድራይቨሩ ጉዳዩን ሲፈጽም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ባይኖር ፕሮሰሰሩ «ጨረስክ? ጨረስክ?» እያለ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲዞር በዋለ ነበር። መጀመሪያ ግን ሁሉም አልወደደውም። ሆላንዳዊው ፕሮግራመር ኤድስኸር ዳይክስትራ ኤክስ1 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ኢንተረፕት ሊገባ ነው ሲባል ፈርቶ ነበር። ጥሪው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ ስህተት ቢፈጠር መልሶ ማሳየት አይቻልም የሚል ስጋት ነበረው። ያም ሆኖ ኢንተረፕቱን የሚያስተናግደውን ፕሮግራም ጻፈው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1959 የዶክትሬት ጽሑፉ ሆነ። ቤት ውስጥ ሲያስለቅሰው የሰነበተ ላፕቶፕ ባለሙያ ፊት ሲደርስ ጨዋ የሆነበት ሰው ስጋቱን በደንብ ይረዳዋል።

በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ የነበሩት የጥሪ መስመሮች ስምንት ናቸው። በ1984 የመጣው የአይቢኤም ኤቲ ለዕቃዎች የሚሆኑትን ወደ 15 አደረሳቸው። በዚያ ዘመን ሁለት ካርዶች አንድ መስመር ላይ ከገጠሙ ጣጣ ነው፤ ባለሙያው ካርዱን አውጥቶ ትንሿን ጃምፐር ነቅሎ ሌላ ቦታ ይሰካ ነበር። ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። የዊንዶውስ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ራሱ ግጭትንና መጋራትን በአንድ ርዕስ ሥር ስለሚያስቀምጥ፣ ኔትወርክ ካርዱና የዲስክ መቆጣጠሪያው ሁለቱም በአንድ የመስመር ቁጥር ላይ መሆናቸውን ያየ ሰው «ይኸው፣ አገኘሁት!» ይላል። አላገኘም። መጋራት ግጭት አይደለም!

ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ፒሲአይ የተባለው የካርድ ማስገቢያ ሲሠራ ጀምሮ ዕቃዎች መስመሩን እንዲጋሩት ታስቦ ነው። ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡት፤ የበሩ ደወል አንድ ነው። ሲደወል ተከራዮቹ በየተራ ብቅ ብለው «የኔ እንግዳ ነው?» ይላሉ፤ ባለቤቱ ወጥቶ ይቀበላል፣ ሌሎቹ ይመለሳሉ። እንግዳው ደግሞ እስኪከፈትለት ጣቱን ከደወሉ ላይ አያነሳም። ድራይቨሮቹ ጨዋ እስከሆኑ ድረስ ምንም ችግር የለም። ችግር የሚመጣው አንዱ የራሱን እንግዳ «የኔ አይደለም» ሲል ነው። ያኔ ደወሉ አይቆምም፤ ፕሮሰሰሩም በሩ ላይ ሲመላለስ ሌላ ሥራ አይሠራም። ማሽኑ ደረቀ ስንል አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሊኑክስ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ ያስደስተኛል። በአንድ መስመር ላይ ከመጡ 100,000 ጥሪዎች ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ባለቤት ካጡ፣ ጥሪውን ማንም እንዳልተቀበለው መዝግቦ መስመሩን ይዘጋዋል። ማሽኑ ይተርፋል፤ ግን በዚያው መስመር ላይ የነበረው ጎረቤትም አብሮ ይቀጣል። ኔትወርኩ ላጠፋው ዲስኩ ይቆማል ማለት ነው። መዝገቡን ሳያነብ ዲስክ የሚቀይር ባለሙያ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮ ተጠራሁ። ዲስኩ ተቀይሯል፣ ዊንዶውሱም እንደ አዲስ ተጭኗል፤ ማሽኑ ግን ይደርቃል። ከሠራተኞቹ አንዷ «ጋሼ፣ ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ ባክአፕ ስንጀምር ነው እንዲህ የሚሆነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም። ባክአፑ ከሌሎቹ ማሽኖች በኔትወርክ እየመጣ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። ከፍላሽ ወደ ዲስኩ ትልቅ ፋይል ገለበጥኩ፤ ሰላም ነው። ሌላ ማሽን ላይ ያለ ቪዲዮ በኔትወርክ ከፍቼ አየሁ፤ እሱም ሰላም ነው። ትልቁን ፋይል በኔትወርክ ወደ ዲስኩ ስገለብጥ ግን ቀጥ አለ። ነም ሎክን ተጫንኩ፤ የኪቦርዱ መብራት አልተነቃነቀም። መብራቱ ቢበራና ቢጠፋ ኖሮ የደረቀው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሊሆን ይችል ነበር፤ እንዲህ ድርቅ ሲል ግን ጥፋቱን ከሥር፣ ከድራይቨሮቹ መንደር እፈልጋለሁ።

ከደቂቃ በኋላ ማሽኑ ሲነቃ ኢቨንት ቪውወርን ከፈትኩ። 129 ቁጥር ተደርድሯል። ትርጉሙ የዲስክ ድራይቨሩ መልስ ጠብቆ አጥቶ መቆጣጠሪያውን እንደገና አስነሳ ማለት ነው። ቀድሞኝ የመጣው ባለሙያ ይህን አንብቦ ነው ዲስኩን የቀየረው። ዲስኩ ግን ሥራውን ጨርሶ እየተጣራ ነበር፤ የሚሰማው አጥቶ እንጂ። ፕሮሰሰሩን ይዞ ያላስሰማው የኔትወርኩ ድራይቨር የሁሉንም ሞዴል ድራይቨር በአንድ ላይ ከሚጭኑት ጥቅሎች የመጣ፣ ለካርዱ ዘመድ ሞዴል የተሠራ ነበር። የካርዱን መታወቂያ ቁጥር ከዲቫይስ ማናጀር ወስጄ ትክክለኛውን ድራይቨር ጫንኩ፤ የዚያን ማታ ባክአፑ አለቀ። እነዚያን ጥቅሎች እባካችሁ ተዉአቸው። አንድ ማሽን ላይ ሁለት አንቲቫይረስ መጫንም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም በኔትወርኩና በፋይሉ መንገድ ላይ ስለሚቆሙ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑን ሊያደርቁት ይችላሉ።

አዳዲሶቹ ማሽኖች መስመር መጋራትን በአብዛኛው ትተዋል። ኤምኤስአይ በተባለው ዘዴ ዕቃው ጥሪውን እንደ መልእክት ለዚሁ በተለየ የማህደረ ትውስታ አድራሻ ይጽፋል፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የኢንተረፕት ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሆኖ ካያችሁት እሱ ነው፣ አትደንግጡ። ይህም ቢሆን ፕሮሰሰሩን ይዞ የማይለቅ ድራይቨርን አይገታውም። የማይክሮሶፍት መመሪያ ከጥሪው በኋላ ለሚቀረው ሥራ የሚፈቅደው 100 ማይክሮሰከንድ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ እጅግ የቆየበትን ሥርዓቱ ራሱ በስህተት ስክሪን ያስቆመዋል፤ ቁጥሩ 133 ነው።

ጥፋተኛውን ድራይቨር ለመለየት ሴፍ ሞድ ይረዳል። በተራው ሴፍ ሞድ ደህና ሆኖ ኔትወርክ ባለው ሴፍ ሞድ ከደረቀ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኔትወርክ ድራይቨሩ ነው። ችግሩ የጀመረው ድራይቨሩ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ከሆነ ሮል ባክ አድርጉት። የሚሻል ድራይቨር ካልተገኘ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደውን ካርድ ከባዮስ አጥፍታችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ኔትወርክ ካርድ ግዙ፤ ከአዲስ ዲስክ ይረክሳል።